ሠላሳ አንድ ሜትር ሽቦ

ማልታ፥ ጥቅምት 8 ቀን 2003 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አጎቴ ለጋሼ ወንዳፈራሁ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ከዚህች ከባሕር መሃል ካለች ደሴት ተነሥቶ ሞላሌ ድረስ ይግባልኝ። ክረምቱን እንዴት ወጣችሁት? ገብሱን ውርጭ አልመታብዎትም? እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ ጤናም አለኝ። የመኖሪያ ወረቀቴ አሁንም ጊዜያዊ ስለሆነ ከዚህ አገር ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ይህንን በየደብዳቤው መጻፍ እኔንም ሰለቸኝ።

የዛሬው ጉዳዬ አንድ ነው። እህቴ አደይ የእትዬ ሸዋረጋን ዓይን ነገር በስልክ ነገረችኝ። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፥ የጠፋው አይመለስም፥ የቀረውም እየሄደ ነው ብሏል አለችኝ። ጋሼ፥ እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እትዬ ናት። ስለያት ጢም ያላበቀልኩ ልጅ ነበርኩ፤ አሁን ስምንት ዓመት ሆነ። በስልክ ድምፄን ትሰማለች፥ ግን ታለቅሳለች እንጂ አታወራም። ሳይጨልምባት በፊት አንድ ጊዜ ፊቴን እንድታይ እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

መንገዱን አግኝቼዋለሁ። ልጅዎ ዓለምፀሐይ በመንገድ ዳሯ ክፍል የጽሕፈት ሥራ ስትከፍት የኢንተርኔት መስመር ማስገባታችሁን ሰምቻለሁ። መስመሩ እርስዎ ቤት ነው። ለአደይ ትምህርት ብዬ በሰው የላክሁት ባለ ካሜራ ኮምፒዩተር ደግሞ እትዬ ቤት ነው። ግቢው አንድ ነው። የቀረው ሁለቱን ቤት ማገናኘት ብቻ ነው።

ዓለምፀሐይ ያለ ሽቦ በአየር ይሁን ትል ይሆናል። አይሆንም። እኔ እንጀራዬ ይኸው ነው፤ በሰው ቤት የኮምፒዩተር ሽቦ እዘረጋለሁ፥ ይህ አገርም እንደ መንዝ ድንጋይ በድንጋይ ነው። ክንድ ተኩል የወፈረ ግንብ የአየሩን መስመር ውጦ ዝም ይላል። ሽቦ ግን አይዋሽም። የሽቦውን ቁራጭ ለናሙና ከደብዳቤው ጋር አድርጌያለሁ፤ ጥቅሉን ዓለምፀሐይ ከአዲስ አበባ ታስመጣዋለች።

እባክዎ ይለኩልኝ። ከመስመሩ መግቢያ እስከ ዓለምፀሐይ ጠረጴዛ፥ እስከ እርስዎ መኝታ፥ ከዚያም ከእርስዎ ግድግዳ እስከ እትዬ መስኮት። በክንድ አይሁን፤ በሜትር። ግቢው ውስጥ የሚያልፈውን በቱቦ አድርገው መሬት ውስጥ ይቅበሩት። የእትዬ ዓይን እኛን አይጠብቅምና ቶሎ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ምንተስኖት


ሞላሌ፥ ኅዳር 20 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለልጄ ለምንተስኖት፤

ባሕሩን ያሻገረህ አምላክ ወረቀቱንም ያውጣልህ፤ በገባህበት ሞገስ፥ በወጣህበት ጥላ ይሁንህ። እኛ ክብር ለስሙ ይሁንና ደህና ነን፤ ውርጩ የታችኛውን ማሳ ቢገርፈውም የላይኛውን ምሮልናል። የእኔ ነገር ጆሮዬ ነው። አሁን የቅዳሴ ደወል እንኳ የምሰማው ሰው ሲነሣ አይቼ ነው። ሠላሳ ዓመት የስልክ ሽቦ ስዘረጋ፥ እንጨት ላይ ስወጣ ስወርድ ኖሬ ዛሬ ስልክ አለመስማቴ! የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። ስለዚህ በደብዳቤ ታገሠኝ። አክስትህ ሸዋረጋም ሰላም ብላሃለች።

ለካሁልህ። እስከ ዓለምፀሐይ ጠረጴዛ አራት ሜትር ተኩል። እስከ መኝታዬ ዘጠኝ፤ ግን ለእኔ መኝታ ሽቦ ምን ይሠራለታል? ያንን ሰርዘው። እስከ አክስትህ መስኮት ሠላሳ አንድ ሜትር። የመጨረሻዋን ስድስት ሜትር በዓይኔ ነው የገመትኳት፤ ውሻዋ አላስጠጋኝም።

የላክኸውን ቁራጭ ገፍፌ አየሁት። ስምንት! ለአንድ ወሬ ስምንት ሽቦ! እኔ በሁለት ሽቦ ከሞላሌ እስከ መሐል ሜዳ ሰው አነጋግሬያለሁ፤ ሰርጉም መርዶውም በእነዚያው በሁለቱ አልፏል። ዘመናችሁ ወሬ ይበዛዋል ልበል?

ቅበረው ያልከው አይሆንም። ግቢያችንን ረስተኸዋል፤ አንድ ስንዝር ሳትቆፍር ጥቁር ድንጋይ ነው፥ ዶማ ይመልሳል። ከእኔ ደጃፍ እስከ እሷ ደጃፍ የሚሄደው ካብ አለ አይደል? ቱቦውን በእሱ ላይ ወገብ ከፍታ ላይ አስረዋለሁ። በግ አይረግጠው፥ ጎርፍ አይወስደው።

ቤቱን ብታየው አታውቀውም። ዓለምፀሐይ ጠረጴዛዋን ስታስገባ የደጃፉ መድረክ አስቸገራት። ያንን አያትህ የጠረቡትን፥ ጉልበት ሊደርስ ጥቂት የቀረውን የወይራ መድረክ ነቅዬ ወለሉን ሲሚንቶ አስደረግሁት። ሦስት ዓመቱ። አሁን ግልገል እንኳ ሳይዘል ይገባል።

የሽቦውን ጫፍ የምታስረዋ ፒንሳ እዚህ አትገኝም። እሷን ላክልኝ፤ ሌላ ምንም አያስፈልገኝም።

አጎትህ ወንዳፈራሁ


ማልታ፥ ታኅሣሥ 14 ቀን 2003 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ወንዳፈራሁ፤

ሰላምዎ ይብዛ፤ የገና በዓልም በጤና ያድርስዎ። ደብዳቤዎ ደርሶኝ በዚያው ቀን ፕላኑን ሠራሁ። ከዚህ ጋር ያለው ወረቀት እሱ ነው። ቀዩ መስመር ሽቦው ነው፤ አራት ማዕዘኗ እርስዎ ቤት የምትቀመጠው ማከፋፈያ ሳጥን ናት፤ ክቧ እትዬ ቤት የምትሆነው ትንሿ ሳጥን።

ፒንሳዋን በፖስታ ልኬያለሁ። የስምንቱ ሽቦ ሰልፍ በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ አንዷ ከቦታዋ ከወጣች አይሠራም። ይህ ነው፦ ነጭ በብርቱካን፥ ብርቱካን፥ ነጭ በአረንጓዴ፥ ሰማያዊ፥ ነጭ በሰማያዊ፥ አረንጓዴ፥ ነጭ በቡኒ፥ ቡኒ። እንደ ውዳሴ ማርያም በቃልዎ ይያዙት።

ቱቦው ውጭ መሆኑን አልወደድኩትም። ፀሐይ ይበላዋል፥ በግ ይተሻሸዋል፥ ለዓይንም አያምርም። አንድ ስንዝር እንኳ ቢሆን ይቅበሩት።

አደይ እንደነገረችኝ የእትዬ ቤት መብራት የሚገባው ከግንበኛው ከገሠሠ ቤት ነው። ከእርስዎ ለምን እንዳልገባ አልገባኝም፤ ለማንኛውም ይቆራረጣል አለችኝ። ስለዚህ የእትዬ ሳጥን ኃይሏን በዚሁ ሽቦ ውስጥ ከእርስዎ ቤት እንድትጠባ አድርጌ አቅጃለሁ። እዚህ እንዲህ ነው የምንሠራው፤ ንጹሕ ሥራ ነው።

ግን ጋሼ፥ ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ለምን እንጠብቃለን? እትዬን አርባ እርምጃ አምጥታችሁ ዓለምፀሐይ ኮምፒዩተር ፊት ብታስቀምጧትስ? ካሜራ ባይኖረው እኔ አላያትም እንጂ እሷ ታየኛለች። ከጥምቀት በኋላ ካለችው እሑድ ጀምሮ በየሳምንቱ በስድስት ሰዓት እጠብቃለሁ።

ልጅዎ ምንተስኖት


ሞላሌ፥ ጥር 26 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለልጄ ለምንተስኖት፤

ሰላመ እግዚአብሔር አይለይህ። ፒንሳዋ ደርሳለች፤ ቆንጆ ናት። በየእሑዱ መጠበቅህን ዓለምፀሐይ ነግራኛለች። አክስትህ አልመጣችም። ጉልበቷ ነው። ጭቃውም አለ።

ገሠሠ ግድግዳዋን በስካርፔሎ ሸንቁሮላት ነበር፤ በማግስቱ ቀዳዳው በጭቃ ተመርጎ ተገኘ። አይጥ እንዳይገባ ብለው ይሆናል።

ነጭ በአረንጓዴውና ነጭ በሰማያዊው ለዓይኔ አንድ ሆነብኝና ማጉያ መነጽር ብትልክልኝ። ደግሞ ነገሩን ቀስ አድርገን ብንይዘው ምን ይመስልሃል? ከመቅረት መዘግየት ይሻላል። አክስትህ ሰላም ብላሃለች።

አጎትህ ወንዳፈራሁ


ማልታ፥ የካቲት 18 ቀን 2003 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ወንዳፈራሁ፤

እንደምን ከረሙ። በጥር ጭቃ?

ጋሼ፥ ስምንት ዓመት ብርቅም ሞላሌ በጥር አቧራ እንጂ ጭቃ እንደሌለ አልረሳሁም። ደብዳቤዎችዎን ሁሉ አውጥቼ እንደገና አነበብኳቸው። ስድስቱን ሜትር በዓይን ለኩ። ውሻ ነው አሉ፤ እትዬ ውሻ አትወድም፥ የላትምም ብላ አደይ ሳቀችብኝ። መብራቷ ከገሠሠ ቤት ነው። የተሸነቆረው ግድግዳ ይመረጋል። ከዚያ ፎቶዎቹን ዘረጋኋቸው፤ በሰባት ዓመት ውስጥ ከላካችሁልኝ ፎቶ አንዱም ላይ እርስዎና እትዬ አብራችሁ የላችሁም። አደይን ጠየቅኳት። "ጋሼን ጠይቀው" ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ።

ሥራዬን መሥራት አቅቶኛል። የሰው ቤት ሽቦ እየጎተትኩ የእናንተን ግቢ ነው የማየው። ትናንት የሁለት ክፍል ሽቦ አምታትቼ አሠሪዬ ቀኑን ሙሉ አስፈታኝ። ምን እንደሆነ አላውቅም፥ ግን በዚያ ግቢ ውስጥ ሽቦ የማያልፍበት ነገር አለ፤ ግንቡም አይደለም።

አሟት ከሆነ ይንገሩኝ። ሞታም ከሆነ ይንገሩኝ። መነጽሩን ልኬያለሁ። እውነቱን ይላኩልኝ።

ምንተስኖት


ሞላሌ፥ መጋቢት 10 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለልጄ ለምንተስኖት፤

አክስትህ በሕይወት አለች። ይህንን አስቀድሜ ልበልህ፥ ልብህ ይረፍ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። ስትሄድ ስንቅ የሰጠሁህ ቦራውን በሬ ሸጬ እንደነበር ታውቃለህ። ለእሷ እንዳልነገርኳት ግን አታውቅም። ሰው ሆኗል፥ ይሂድ ይሞክር፥ ብዬ ነው፤ እሷ ብትሰማ በር ላይ ትተኛ ነበርና። በኋላ አንተ ከሱዳን ወጥተህ ሊቢያ ገባህ፥ ባሕር ላይ ሰው አለቀ የሚል ወሬ ደረሰ፥ የአንተም ድምፅ ዓመት ጠፋ። የበግ ጠጉር ባናዋን ዘርግታ ለቅሶ ልትቀመጥ ስትል ነው የበሬውን ነገር የሰማችው።

በጊዮርጊስ ዕለት ከቅዳሴ ስንወጣ በሰው ፊት ቆመችና ገዘተች። "ልጄን በዓይኔ በብረቱ ሳላየው የዚህን ሰው ደጃፍ ብረግጥ፥ እሱም የእኔን ቢረግጥ፥ እሳትና ውሃ ብንጫጫር፥ ጊዮርጊስ ይፍረድብኝ" አለች። እኔም አሜን አልኩ። ለምን አሜን እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቀውም። ታላቅ እህቴ ናት፤ አዝላ ያሳደገችኝ። ጥፋቱም የእኔ ነበር።

በሕይወት እንዳለህ ስንሰማ ሁለታችንም እልል አልን፤ እሷ በቤቷ፥ እኔ በቤቴ። ግዝቱ ግን በዓይኔ ሳላየው ነው የሚለው። ሰባት ዓመት "አክስትህ ሰላም ብላሃለች" እያልኩ የጻፍኩልህ ሁሉ የእኔ ፈጠራ ነው፤ ከአደይ አፍ የለቀምኩትን ነው የምጽፈው። ስድስቷ ሜትር የእሷ ደጃፍ ናት። ለዚያ ነው በዓይኔ የለካኋት።

አርባውን እርምጃ የማትራመደው ለዚህ ነው። አንተን እስክታይ ቤቴ አትገባም፤ አንተ ደግሞ የምትታየው ቤቴ ነው። ሽቦው ወደ እሷ ሲሄድ እኔ ልቤ ሞልቶ ነበር፤ ያለ እግር የሚገባ ነገር ተገኘ ብዬ። ታዲያ ኃይሉ ከእኔ ቤት ይምጣ ያልከውን አደይ አነበበችላት። "ከእሱ ቤት እሳት ልታስገቡብኝ ነው?" አለችና ቀዳዳውን በገዛ እጇ መረገችው። አልፈርድባትም። አንተም ሳታውቅ ነው። ሽቦ ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝና መብራት እሳት አይደለም ብዬ አልዋሽም።

ዓይኗ እየባሰበት ነው ይላሉ። ከዚህ ከካቡ ማዶ ሆኜ አያታለሁ፤ ትራመዳለች፥ እንጨት ትሰብራለች፥ በግ ትቆጥራለች። ይሻላት ይሆን እላለሁ። ምንም አትላክልኝ። ይቅር በለኝ።

አጎትህ ወንዳፈራሁ


ማልታ፥ መጋቢት 30 ቀን 2003 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ወንዳፈራሁ፤

የሁዳዴን ጾም በሰላም ያስፈጽምዎ። ደብዳቤዎን መሰላል ላይ ሆኜ ጀመርኩት፥ ወርጄ ጨረስኩት።

አልተቆጣሁም ልል ነበር። ተቆጥቻለሁ። በሬው ስንቅ ሆነኝ እንጂ ጎትቶ አልወሰደኝም፤ የሄድኩት በእግሬ ነው። እኔ ለሄድኩበት ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ ግቢ ሰባት ዓመት ሲኳረፉ አንድ ሰው አልነገረኝም። በሕይወቴ የሰው ቤትና የሰው ቤት ሳገናኝ እውላለሁ፤ የራሴ ቤት በእኔው ምክንያት ተቆርጧል። አለቀስኩ፤ አሠሪዬ ዓይኔ አቧራ ገብቶበት መሰለው።

አሁን እንደገና አቅጃለሁ። ከእርስዎ ቤት ምንም ኃይል አይሄድም። የእትዬ ሳጥን ከገሠሠ መብራት ትጠቀም፤ ሲጠፋ የምትይዝበት ባትሪ ልኬያለሁ። ከእርስዎ የሚሄደው ሽቦው ብቻ ነው። ግን እርስዎ እንዳልዋሹ እኔም አልዋሽም፤ መልእክቱ ራሱ የሚሄደው በቅንጣት ኃይል ነው። ቢነኩት የማይሰማ፥ ግን አለ። ያለ እሱ አይሆንም።

ስለዚህ የእኔ ሙያ እዚህ ላይ አለቀ። የሁለታችሁም የንስሐ አባት አባ መርስዔ ኃዘን አይደሉም? እሳቸውን ይጠይቁ። እምቢ ካሉ ይጻፉልኝ፥ ወረቀቴን ጥዬ እመጣለሁ። የምሬን ነው።

ልጅዎ ምንተስኖት


ሞላሌ፥ ሚያዝያ 24 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለልጄ ለምንተስኖት፤

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን! ወረቀትህን እንዳትጥል። አባ መርስዔ ኃዘንን ለፋሲካ ማግስት ቤቴ ጠራኋቸው፤ ሽቦውን ገፍፌ፥ ሳጥኗን አብርቼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አዩት። ዓለምፀሐይ የሚሉትን በወረቀት እየጻፈች ታሳየኝ ነበር።

"እሳት አለበት?" አሉ።

"ቅንጣት አለበት" አልኩ።

"ሻማ ይለኩሳል?"

"አይለኩስም።"

"ውሃ ያፈላል? ብርድ ያሞቃል?"

"የዝንብ ክንፍም አያሞቅ።"

"ታዲያ ምን ይሸከማል?"

"የሰው መልክና የሰው ቃል ነው፥ አባ።"

ሽቦውን መለሱልኝና፥ "የተገዘተው ደጃፍና እሳትና ውሃ ነው። ቃል አልተገዘተም" አሉ። ሊወጡ ተነሥተው ደግሞ ዞረው፥ "ቃልማ ድሮም አልተገዘተም ነበር፥ ወንዳፈራሁ" አሉኝ። ልጄ፥ ይህ ነገር እንደ እሾህ ገባብኝ። እውነታቸውን ነው። ከካቡ ወዲህ ሆኜ "እንደምን አደርሽ" ብላት የሚከለክለኝ አልነበረም። ግዝቱ እግራችንን ነው ያሰረው፤ አፋችንን ያሰርነው እኛው ነን።

ወደ እሷም ሄደው ነገሯት። በአራተኛው ቀን ቀዳዳውን በማንኪያ ስትፈለፍል አደይ አየቻት።

ሥራው እንዲህ ሆነ። ቱቦውን በካቡ ላይ፥ እዚያው ወገብ ከፍታ ላይ፥ ሃያ አምስት ሜትር እኔ አሰርኩ። ቅበረው አትበለኝ፥ አልቀበርኩትም። የእሷን ስድስት ሜትር ገሠሠ ጨረሰ። ጫፉን ሲያስር እኔ ከድንበሬ ቆሜ ሰልፉን ጮህኩለት፤ "ነጭ በብርቱካን! ብርቱካን! ነጭ በአረንጓዴ!" ገሠሠ ድንጋይ እንጂ ሽቦ አያውቅም፤ ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። በሦስተኛው እሷ ከውስጥ ሆና ሰልፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሏ ወረደችለት አሉ። ስትሰማኝ ውላ ይዛዋለች። እኔ አልሰማሁም፤ ዓለምፀሐይ ናት እየሳቀች የነገረችኝ። በሰባት ዓመት የእኔን ቃል ስትደግም የመጀመሪያዋ ነው።

የሳጥኗ መብራት በራች። ግንቦት 21፥ እሑድ፥ ከቅዳሴ መልስ በስድስት ሰዓት ትጠብቅሃለች። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፤ ጥሩ ልብስ ልበስ።

አጎትህ ወንዳፈራሁ


ማልታ፥ ግንቦት 22 ቀን 2003 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ወንዳፈራሁ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። አየኋት! ጋሼ፥ አየኋት። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፤ አሮጌው ባናዋ ትከሻዋ ላይ ነበር፤ ከኋላዋ ያ የተሰነጠቀ ግድግዳ እንኳ ታየኝ። ሃያ ደቂቃ አወራን። ሳቀች። ሥራዎን አደንቃለሁ፤ እዚህ ያሉ ባለሙያዎች እንኳ እንደዚህ ያለ ንጹሕ መስመር አይዘረጉም።

ከትናንት ጀምሮ ግን ዕረፍት የለኝም። አንድ ነገር እየተመላለሰብኝ ነው።

"ወፍረሃል፥ ተመስገን" አለችኝ። እኔ ከስቻለሁ፤ ሃምሳ አምስት ኪሎ ነኝ፥ ቀበቶዬን ሁለት ቀዳዳ ጨምሬበታለሁ። "ፀጉርህን እንዴት አሳምረህ ተቆርጠሃል" አለችኝ። ፀጉሬ ከፊት መሸሽ ስለጀመረ አፍሬ ቆብ አድርጌ ነበር። ዓይኗም ከእኔ ትንሽ ወደ ጎን ነበር። ካሜራው ነው ብዬ አደይን አስተካክይው አልኳት፤ አደይ ግን ካሜራውን አልነካችውም።

ጋሼ፥ እትዬ አየችኝ?

ምንተስኖት


ሞላሌ፥ ሰኔ 14 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለልጄ ለምንተስኖት፤

ሰላምታው ይቆየን፤ የጠየቅኸኝን ልመልስ። አላየችህም።

ምስልህ ጥርት ብሎ ነው የመጣው። ሽቦውም፥ ፒንሳዋም፥ አንተም አላጠፋችሁም። ዓይኗ ነው። ከሁዳዴ መግቢያ ጀምሮ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነበር የቀራት፤ ለማንም አልተናገረችም። ቤቷንም ግቢዋንም በእጅና በእግሯ ስለምታውቀው ማንም አልጠረጠረም፤ እኔም ከካቡ ማዶ ሆኜ ይሻላት ይሆን እል ነበር። አደይ ያወቀችው በዚያው ሰዓት ነው፤ ኮምፒዩተሩ ፊት ለፊቷ ሳለ እሷ ዓይኗን ወደ መስኮቱ አድርጋ ስታወራህ። ልጅቷ አፏን ይዛ ቀረች።

እኔ ያን ጊዜ ቤቴ ሳጥኗ ፊት ተቀምጬ ነበር። አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ብልጭ ካለች እያወራችሁ ነው ብላኛለች ዓለምፀሐይ። ለደንቆሮ ይህም ትልቅ ነገር ነው። ሃያ ደቂቃ ብልጭ ብልጭ ስትል አየኋትና ቆመች። ልነሣ ስል ደጁ ላይ ጥላ አየሁ።

ሸዋረጋ ናት። አንድ እጇ ቱቦው ላይ ነው። ከደጃፏ ጀምራ ያንን ወገብ ከፍታ ላይ ያሰርኩትን፥ አንተ ቅበረው እያልክ የነዘነዝከኝን ቱቦ እየዳበሰች ነው የመጣችው። ደጃፌ ላይ ስትደርስ ቀሚሷን ሰበሰበችና እግሯን አነሣች። ወደ ላይ፥ እስከ ጉልበቷ። የአባታችንን መድረክ ልትሻገር። መድረኩ ከተነቀለ ሦስት ዓመቱ፤ እሷ ከረገጠችው ሰባት ዓመቷ። እግሯ ያሰበችውን አላገኘም፥ ተንገዳገደች። ያን ጊዜ ገባኝ። ሮጬ ያዝኳት፤ ሁለታችንም ሲሚንቶው ላይ ቁጭ ብለን አለቀስን።

ጆሮዬ ሥር ገብታ "አየሁት!" ብላ ጮኸች።

"እንዴት ነው?" አልኳት።

"ወፍሯል!"

ልጄ፥ ያላየችውን አየሁ ያለችው ወደ እኔ ለመምጣት ነው። ሌላ በር አልነበራትም። በማግስቱ ሁለታችንም አባ ዘንድ ሄድን። ምን እንዳለቻቸው አላውቅም፤ የንስሐ ነገር ነው። ለእሷ የሰባት ቀን ስግደት ሰጧት፤ ለእኔ የአሥራ አራት። ለምን በእጥፍ ብዬ ብጠይቃቸው፥ "እሷ ዓይን የላትም፤ አንተ ዓይን እያለህ ከካቡ ማዶ አላየሃትም" አሉኝ።

አንተ ግን አትዘን። ማዘንህ አይቀርም፥ ግን ብዙ አትዘን። ከእንግዲህ እሑድ እሑድ ደውል። ሁለታችንም እሷ ቤት ኮምፒዩተሩ ፊት እንቀመጣለን፤ እኔ የማየውን እነግራታለሁ፥ እሷ የምትለውን በጆሮዬ ትጮህልኛለች። በሁለታችን አንድ ጤነኛ ሰው አይጠፋም።

ዓለምፀሐይ ምስልህን በወረቀት አትማ ሰጠችኝ። እኔም ከስምንት ዓመት በኋላ አየሁህ። ጉንጭህ ጎድጉዷል፤ ቆቡም አያምርብህም። ትናንት ሸዋረጋ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ በጣቶቿ እየዳበሰች፥ "ወፍሯል፥ አይደለም?" አለችኝ።

"ወፍሯል" አልኳት።

እግዜር ይጠብቅህ። ውሸታም አታድርገኝ፤ ብላ።

አጎትህ ወንዳፈራሁ